በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሥራ አስፈጻሚው አመራረጥ

ስለ አሜሪካ ምርጫ በአማርኛ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፕሬዚዳንቱና በዋሽንግተን ስላሉት ምክር ቤቶች ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ሥልጣንን እንዴት እንደሚሰጥና እንዴትም እንደሚነሣ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ሰው፥ ከፍ ካለው ወንበር ይልቅ ዝቅ ያለው ብዙ ያስተምረዋል። ዝቅ ባለው ወንበር ዙሪያ መራጩና ተመራጩ ይተዋወቃሉ፤ የሹመቱም ፍሬ በመንገዱ፥ በትምህርት ቤቱና በግብሩ ወዲያው ይታያል።

ይህ ጽሑፍ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የበላይ ሹም የሆነው ሥራ አስፈጻሚ እንዴት እንደሚመረጥ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ከብዙዎቹ ካውንቲዎች መካከል ይህችን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በ2018 እና በ2022 የተደረጉት ምርጫዎች ከመቶ ሺሕ በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቶባቸው በጥቂት ዐሥሮች ድምፅ ብቻ ስለ ተወሰኑ፥ የሥርዐቱን ውስጣዊ አሠራር ገልጠው ያሳያሉ። ሁለተኛው፥ በካውንቲዋ ውስጥ፥ ይልቁንም በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ፥ አማርኛ ተናጋሪ የሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ቃሉና ስለ ሹመቱ ታሪክ

ካውንቲ የሚለው ቃል ከእንግሊዝ አገር ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሲሆን፥ ከግዛቱ በታች ያለውን፥ ብዙ ከተሞችንና መንደሮችን የሚያጠቃልለውን የአስተዳደር ክፍል ያመለክታል። በአገራችን በቀድሞው አከፋፈል አውራጃ ይባል ከነበረው ጋራ ይቀራረባል። ሆኖም መመሳሰሉ በስፋቱና በደረጃው እንጂ በአሿሿሙ አይደለም። የአውራጃ ገዥ ከላይ የሚሾም ነበር። በ1966 ስለ አውራጃ ራስን በራስ ማስተዳደር የወጣው ትእዛዝ ቍጥር 43 እንኳ የተመራጮች ምክር ቤት እንዲቋቋም ሲያስብ፥ ገዥውን በተሿሚነቱ ነበር የተወው፤ ትእዛዙም እንደ ታሰበው በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የሞንትጎመሪ ሥራ አስፈጻሚ ግን ሥልጣኑን የሚቀበለው ከታች፥ ከነዋሪው እጅ ነው።

ይህም ቢሆን ከጥንት የነበረ አይደለም። ካውንቲዋ የተቋቋመችው በ1776 ከፍሬድሪክ ካውንቲ ተከፍላ ነው። ስሟም የንጉሥ ወይም የመስፍን ስም ሳይሆን፥ በ1775 መጨረሻ በኩቤክ ጦርነት የወደቀው የጄኔራል ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ስም ነው፤ ከንጉሥ በተለዩበት ዓመት የተሰጠ ስም በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ለረዥም ዘመን ካውንቲዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ኮሚሽነሮች ሲሆኑ፥ የአካባቢው ሕግ ግን ይወጣ የነበረው አናፖሊስ በሚቀመጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። በ1915 የተሻሻለው የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ካውንቲዎች የራሳቸውን የመተዳደሪያ ደንብ፥ ማለት ቻርተር፥ እንዲያወጡ ስለ ፈቀደ፥ በ1948 ሞንትጎመሪ በግዛቱ የመጀመሪያዋ ባለ ቻርተር ካውንቲ ሆነች።

በዚያ ቻርተር መሠረት ሕዝቡ የሚመርጠው ምክር ቤቱን ብቻ ነበር። ምክር ቤቱም የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራ አንድ ባለሙያ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል። ነገር ግን ከ1950 እስከ 1970 ባሉት ሃያ ዓመታት የነዋሪው ቍጥር ከ164 ሺሕ ወደ 522 ሺሕ ከፍ አለ። በ1968 ሕዝቡ ቻርተሩን በድምፁ ለወጠና፥ ተቀጣሪው ሥራ አስኪያጅ በተመራጭ ሥራ አስፈጻሚ እንዲተካ ወሰነ። በ1970 የተመረጡት የመጀመሪያው ሥራ አስፈጻሚ ሚስተር ጄምስ ግሊሰን ነበሩ። እንግዲህ ሹመቱ ሦስት ደረጃ አልፎአል፤ መጀመሪያ ኮሚሽነሮች፥ ቀጥሎ ተቀጣሪ፥ በመጨረሻም ተመራጭ።

ከሚስተር ግሊሰን በኋላ ቻርልስ ጊልክሪስት፥ ሲድኒ ክሬመር፥ ኒል ፖተር፥ ዳግላስ ደንከን፥ አይዛያ ሌጌትና ማርክ ኤልሪች ተከታትለው ተመርጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ የሪፑብሊካን ፓርቲ አባል የነበሩት የመጀመሪያው ብቻ ናቸው። ከ1978 እስከ 2022 በተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ ያሸነፉት ዲሞክራቶች ናቸው። ይህ ነገር ተራ የታሪክ ዝርዝር ቢመስልም፥ ከዚህ በታች እንደምናየው የምርጫውን ጠባይ ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነው።

፪. ስለ ሥልጣኑ ልክ

ሥራ አስፈጻሚው ለአራት ዓመት ይመረጣል። ዋናው ሥልጣኑ ባጀት ማቅረብ ነው። የዓመቱን ባጀት እስከ ማርች 15 ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም መርምሮና አሻሽሎ እስከ ጁን 1 ያጸድቃል። በ2022 የጸደቀው ባጀት ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የፖሊስን አዛዥና የየመሥሪያ ቤቱን አለቆች በምክር ቤቱ ፈቃድ ይሾማል። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ሊቃወም ይችላል፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ከተለመደው በበለጠ ድምፅ ተቃውሞውን ሊሽር ሥልጣን አለው።

ሥልጣኑ የሚቆምበትን ወሰን ማወቅም ያስፈልጋል። ከባጀቱ ግማሽ ያህሉ የሚውለው ለትምህርት ቤቶች ሲሆን፥ ትምህርት ቤቶቹን የሚመራው ግን ለብቻው የሚመረጥ ቦርድ ነው። መሬቱ ለምን ሥራ እንደሚውል፥ የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፥ የትኛው ለንግድ እንደሚሆን በመጨረሻ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ሼሪፉና ዐቃቤ ሕጉም ራሳቸውን ችለው በሕዝብ ይመረጣሉ እንጂ በእርሱ አይሾሙም። በአማርኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን እንደ አንድ ሙሉ ማዕድ ያስባል። በሞንትጎመሪ ግን ማዕዱ አስቀድሞ ለብዙ እጅ ተከፋፍሎአል።

የዘመኑም ርዝመት ቢሆን በሕዝብ ድምፅ ተወስኖአል። በ2016 ነዋሪዎቹ ሥራ አስፈጻሚውም ሆነ የምክር ቤቱ አባላት ከሦስት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳያገለግሉ ወሰኑ። በ2024 ደግሞ የሥራ አስፈጻሚውን ለብቻው ወደ ሁለት ዘመን ዝቅ አደረጉት።

፫. ስለ ሁለቱ በሮች

ወደዚህ ወንበር የሚያደርሱት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ሲሆን፥ ሁለተኛው በኖቬምበር ወር ሁሉም መራጭ ድምፁን የሚሰጥበት አጠቃላይ ምርጫ ነው። በሩቅ ላለ ተመልካች ታላቁ ቀን የኖቬምበሩ ይመስለዋል። ጋዜጣውም፥ ሰልፉም፥ ወሬውም ያን ጊዜ ይበዛልና። በሞንትጎመሪ ግን ከመራጮች መዝገብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው በዲሞክራትነት የተጻፈ ስለ ሆነ፥ የዲሞክራቶቹን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበርን የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ለማጽደቂያ ነው። እውነተኛው ፉክክር የሚያልቀው በጁን ወይም በጁላይ፥ ብዙ ሰው ለዕረፍት በሚሄድበት በሙቀቱ ወራት ነው።

በሜሪላንድ ይህ የመጀመሪያ በር ዝግ ነው። በአንድ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚገባው በመራጭነት ሲመዘገብ የዚያ ፓርቲ አባል ነኝ ብሎ ያስጻፈ ሰው ብቻ ነው። ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው በዚያ ቀን ወደ ምርጫው ጣቢያ ቢሄድ ለትምህርት ቦርድ አባላት ድምፅ ይሰጣል፤ ለሥራ አስፈጻሚው ግን የሚሰጠው ወረቀት የለም። በሌላ በኩል በኖቬምበሩ ምርጫ 18 ዓመት የሚሞላው የ17 ዓመት ልጅ ተመዝግቦ በቅድመ ምርጫው ሊሳተፍ ይችላል።

በመጀመሪያው በር ያልቀናቸው በሁለተኛው ለመግባት የሞከሩበት ጊዜ አለ። በ1990 በሥልጣን ላይ የነበሩት ሚስተር ክሬመር በቅድመ ምርጫው በሚስተር ፖተር ተሸነፉ። ስማቸው በወረቀቱ ላይ ስላልታተመ ደጋፊዎቻቸው በእጃቸው እየጻፉ እንዲመርጡአቸው በኖቬምበር ቢጠይቁም አልሆነላቸውም። በ2018 የምክር ቤት አባል የነበሩት ናንሲ ፍሎሪን ከዲሞክራቲክ ፓርቲ ወጥተው በግል ተወዳደሩ፤ እርሳቸውም አልተመረጡም፥ የዲሞክራቶቹ ዕጩ ከመቶ 60 በላይ የሆነውን ድምፅ አግኝተዋልና።

፬. ስለ ዕጩነትና ስለ ገንዘብ

በእኛ ዘንድ ለእድር ወይም ለማኅበር አለቃ ሲመረጥ፥ የታጨው ሰው መጀመሪያ «እኔ አልችልም፥ ከእኔ የሚሻል አለ» ማለቱ የጨዋነት ወግ ነው። ሌሎች ግድ ይሉታል፥ እርሱም በብዙ ልመና ይቀበላል። በሞንትጎመሪ ወጉ የተገለበጠ ነው። ዕጩው ራሱን በራሱ ያቀርባል፤ «እችላለሁ» ብሎ በአደባባይ ይናገራል፤ በየቤቱ በር እየዞረ ያንኳኳል። ይህን ለማድረግም ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በ2014 በወጣ የካውንቲ ሕግ አዲስ መልስ አገኘ፤ በሥራ ላይ የዋለውም በ2018 ምርጫ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ዕጩው ከድርጅቶችና ከባለጸጎች ብዙ ገንዘብ ላለመቀበል ከተስማማ፥ ካውንቲው ነዋሪው በሚሰጠው ትንሽ ስጦታ ላይ ይጨምርለታል። ለሥራ አስፈጻሚነት የሚወዳደር ሰው ከአንድ ነዋሪ ለሚቀበለው የመጀመሪያ 50 ዶላር ካውንቲው በእያንዳንዱ ዶላር 6 ዶላር፥ ለሁለተኛው 50 ዶላር 4 ዶላር፥ ለሦስተኛው 50 ዶላር 2 ዶላር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ 150 ዶላር የሰጠ አንድ ነዋሪ 600 ዶላር ያስጨምራል፤ በዕጩው እጅ የሚገባው በጠቅላላ 750 ዶላር ይሆናል። ይህን ዕርዳታ ለማግኘት ግን ዕጩው አስቀድሞ ቢያንስ ከ500 ነዋሪዎች 40 ሺሕ ዶላር መሰብሰብ ነበረበት።

የ2018 ምርጫ ሁለቱን መንገዶች ፊት ለፊት አገናኘ። ሚስተር ማርክ ኤልሪች ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፥ በኋላም ከ2006 ጀምሮ የካውንቲው ምክር ቤት አባል የነበሩ ሲሆን የካውንቲውን ዕርዳታ መንገድ መረጡ። ሚስተር ዴቪድ ብሌር በመድኀኒት አገልግሎት ሥራ የከበሩ ነጋዴ ሲሆኑ በሚሊዮን የሚቈጠር የራሳቸውን ገንዘብ አወጡ።

፭. ስለ ሁለቱ ቈጠራዎች

ጁን 26 ቀን 2018 በተደረገው የዲሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ስድስት ዕጩዎች ቀረቡ። ድምፁ ለስድስት ስለ ተከፋፈለ ሁለቱ መሪዎች እያንዳንዳቸው ከመቶ 29 ያህል ብቻ አገኙ። በመጨረሻው ቈጠራ ሚስተር ኤልሪች 37,532፥ ሚስተር ብሌር 37,455 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 77 ነው። በሜሪላንድ ሕግ አሸናፊው ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ ወይም ሁለተኛ ዙር እንዲደረግ አይጠየቅም፤ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል።

ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች እንደ ገና ተገናኙ። ቅድመ ምርጫው በጁን ሊደረግ ታስቦ የነበረ ቢሆንም በምርጫ ክልሎች አከላለል ላይ በተነሣ ክርክር ምክንያት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ጁላይ 19 ቀን 2022 ተላለፈ። በፖስታ የተላኩት ድምፆች በጊዜው በነበረው ሕግ ከምርጫው ቀን በፊት ሊከፈቱ ስለማይችሉ ውጤቱ ለሳምንታት ሳይታወቅ ቈየ። (በ2023 የወጣ ሕግ ቀደም ብሎ መክፈትን ፈቅዶአል።) መጀመሪያ ተቈጥሮ ሲያልቅ ልዩነቱ 35 ሆነ። ሚስተር ብሌር እንደ ገና እንዲቈጠር ጠየቁ፤ ሲቈጠርም ሚስተር ኤልሪች 55,504፥ ሚስተር ብሌር 55,472 ሆነው ልዩነቱ ወደ 32 ዝቅ አለ። የካውንቲው ነዋሪ በ2020 በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ 1,062,061 ነው። እንግዲህ ከጠቅላላው ነዋሪ ከመቶ 5 ጥቂት በሚበልጥ ሰው ድምፅ የተመረጠ ዕጩ በኖቬምበር አሸንፎ የሁሉም ሹም ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከቍጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የተሸናፊው አቀባበል ነው። ሚስተር ብሌር በሁለቱም ጊዜ ዳግመኛ ቈጠራው ካለቀ በኋላ ውጤቱን ተቀበሉ። ይህን ለአንድ ሰው ትዕግሥት ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ከበስተ ኋላው ያለውን ሥርዐት መመልከት ይገባል። ድምፆቹን የሚመረምረው የአካባቢው የምርጫ ቦርድ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ አባላት አሉበት። ስብሰባውም ለተመልካች ክፍት ነው፤ የዕጩዎቹ ታዛቢዎችም በዚያው ተቀምጠው ያያሉ። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው በፖስታ የመጣን ድምፅ ስለ መጣል የተደነገገው ነው። ቦርዱ አንዱን ድምፅ ውድቅ ለማድረግ የአባላቱ ሁሉ ስምምነት ያስፈልገዋል። ከአባላቱ አንዱ እንኳ «ይቈጠር» ካለ ይቈጠራል። ሰውን ከሸንጎ ለማስወጣት የሁሉ ቃል ይጠየቃል፤ ለማስገባት ግን የአንድ ሰው ቃል ይበቃል። የተሸነፈው ወገን ውጤቱን ባይወደው እንኳ አልታየሁም፥ አልተሰማሁም ለማለት የሚያስችል ምክንያት ያጣል።

፮. ስለ አማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ

ካውንቲው ለነዋሪው የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ከሚያስተረጕምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሚስተር ሌጌት ዘመን፥ በ2012፥ ጎንደርና ሞንትጎመሪ የእኅትማማችነት ስምምነት አድርገዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው በካውንቲው ፊት የማይታወቅ እንግዳ አይደለም። በምርጫው በር ላይ ግን ሦስት እንቅፋቶች ያጋጥሙታል።

የመጀመሪያው ዜግነት ነው። በካውንቲው ምርጫ የሚሳተፈው አሜሪካዊ ዜጋ ብቻ ነው። በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ታኮማ ፓርክ የምትባለው ከተማ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዳለች፤ ከ2013 ጀምሮም 16 ዓመት ለሞላቸው ፈቅዳለች። እንግዲህ አንድ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ ለከንቲባው ድምፅ ሰጥቶ ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ግን የማይሰጥበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት በካውንቲው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይታተማል። በ1975 የተሻሻለው የፌዴራል የምርጫ መብት ሕግ ትርጕም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፥ ለእስያ፥ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች በሕጉ አገላለጥ ውስጥ ስላልገቡ፥ የተናጋሪው ቍጥር ምንም ያህል ቢበዛ በዚህ ሕግ አማርኛን ማስገደድ አይቻልም። ነገር ግን ያው ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ እንዲገባና እንዲረዳው ይፈቅዳል፤ የሚከለከሉት አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ ናቸው። ልጅ እናቱን፥ ጎረቤት ጎረቤቱን ሊረዳ ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የተሠወረው ነው፤ ይኸውም የፓርቲ ምዝገባ ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው በመራጭነት ሲመዘገብ የፓርቲውን መስመር ባዶ ሊተወው ይችላል። ከፖለቲካ ማኅበር መራቅን እንደ ጥንቃቄ የሚቈጥር ሰው ይህን ቢያደርግ አያስደንቅም። ሕጉም ነጻነቱን ያከብርለታል። ነገር ግን በዚያች ባዶ መስመር ምክንያት የመጀመሪያው በር ለሥራ አስፈጻሚው ምርጫ ይዘጋበታል። በኖቬምበር መጥቶ ድምፁን ሲሰጥ ነገሩ በቅድመ ምርጫው ያለቀ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

፯. መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው አንድ ነገር ጐልቶ ይወጣል። አንድን ምርጫ ለማወቅ ሕዝቡ በብዛት የሚሰለፍበትን ቀን ማየት አይበቃም፤ ነገሩ በእውነት የሚቈረጥበትን ሰዓትና ሥፍራ መፈለግ ያስፈልጋል። በሞንትጎመሪ ሥራ አስፈጻሚውን የሚለየው የመጀመሪያው በር ነው፤ ሁለተኛው ስሙን ያጸድቃል። ከሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ባጀት የሚያቀርበው ሰው በ2018 በ77፥ በ2022 በ32 ድምፅ ተለይቶአል። 32 ሰው ማለት በአንድ ቤት ለማኅበር የሚሰበሰብ ጉባኤ ያህል ነው፤ ከብዙዎቹ እድሮች የአባላት መዝገብም ያንሳል።

ይህን ስንል የዚያ ምርጫ ውጤት በማንኛውም አንድ ማኅበረሰብ እጅ ነበረ ማለታችን አይደለም። እንዲህ ባለ ጠባብ ልዩነት ውስጥ እያንዳንዱ የቀረ ሰው ከሌላው የቀረ ሰው ጋራ እኩል ይመዝናልና። ነገር ግን ሥርዐቱ ራሱ አንድን ድምፅ ለመጣል የሁሉን ስምምነት እስኪጠይቅ ድረስ ለገባው ድምፅ ሲጠነቀቅ፥ በር ላይ ለቀረው ሰው ግን የሚጠነቀቅለት ማንም የለም። የገባውን ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ያልገባው ግን በሩ የት እንዳለና መቼ እንደሚከፈት ራሱ ማወቅ አለበት። በካውንቲው የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ስለ ዋሽንግተን ታላላቅ ምርጫዎች የሚያውቀውን ያህል ስለዚህ ትንሽ በር ቢያውቅ፥ መንገዱን፥ አውቶቡሱንና የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚመለከተው ነገር በሚወሰንበት ሰዓት በጉባኤው መካከል ይገኛል።